የመምህር መክብብ ወልደመስቀል ሕይወት፣ ግጥምና ቅናት

መምህር መክብብ ወልደመስቀል በጥቅምት ወር 1952 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ላይ ሲወለዱ፣ አባታቸው አቶ ወልደመስቀል ገበየው በረንዳቸው ላይ የሰው ሱሪ እያጠበቡ ነበር። አቶ ወልደመስቀል በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው በልብስ ስፌት የኖሩ ሰው ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ጣፈጠች ላምቤቦ የሁምቦ ተወላጅና በሶዶ ገበያ የታወቁ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። መምህር መክብብ የበኩር ልጅ ስለነበሩ የእናታቸው ጀርባ ለአራት ዓመት የእርሳቸው ብቻ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ታናሽ እህታቸው መስከረም ስትወለድ ግን ያ ጀርባ ተወሰደባቸው። ወይዘሮ ጣፈጠች እስከ ዕለተ ሞታቸው እየሳቁ እንዳወሩት፣ መክብብ አራስ ቤት ገብተው ሕፃኗን ትክ ብለው ካዩ በኋላ አዋላጇን «ይህችን መልሰሽ ውሰጃት» አሏት። አዋላጇ አልወሰደቻትም። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችውም ያቺው ሕፃን ናት።

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፤ የሙት ወቃሽ መሆን ነውር ነው። በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ሟች ሁሉ ደግ፣ ሟች ሁሉ ቸር፣ ሟች ሁሉ ታጋሽ ሆኖ እንደሚነበብም እናውቃለን። መምህር መክብብ ደግ ነበሩ፤ ቸርም ነበሩ። ታጋሽ ግን አልነበሩም። ቀናተኛ ነበሩ። ይህን ዛሬ ብንሸሽግ ሶዶ በሙሉ ከንፈሩን ነክሶ ይስቅብናል። ቅናታቸውን ከታሪካቸው ብናወጣውስ የተወለዱበትና ያረፉበት ቀን እንጂ ሌላ ምን ይተርፈናል?

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1970 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። ለግጥም የነበራቸው ፍቅር ገና በተማሪነታቸው የታወቀ ነበር። የክፍል ጓደኛቸው ግጥም በሰልፍ ላይ ተነብቦ የእርሳቸው ባለመነበቡ ለቀናት ምሳ ሳይበሉ እንደሰነበቱም የታወቀ ነው። በ1971 ዓ.ም. የቀበሌው ኪነት ቡድን ሲቋቋም በግጥም ጸሐፊነት ገቡ። ከአቶ ታምራት አንጁሎ ጋር የተገናኙት እዚያ ነው።

አቶ ታምራት ከቦዲቲ አካባቢ የመጡ የገበሬ ልጅ ናቸው። አባታቸው በለቅሶ ሜዳ መሐል ቆመው የሟችን ዘርና ሥራ በዜማ የሚያነሡ፣ አገሬው እየተከተለ የሚያለቅስላቸው ሰው ነበሩ። ያ ድምፅ ወደ ልጃቸው ተላልፏል። አማርኛው ግን ያን ጊዜ ለአቶ ታምራት ብዙም አይታዘዝም ነበርና፣ እርሳቸው ክራራቸውን ይዘው በወላይትኛ ያንጎራጉራሉ፤ መምህር መክብብ ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሱ ለዜማው አማርኛ ይፈልጉለታል። ለብቻቸው ተቀምጠው የጻፉት ግጥም ለራሳቸውም አይጥማቸውም። አቶ ታምራትም በበኩላቸው ሁለት ስንኝ በቃላቸው መያዝ አይሆንላቸውም። ስለዚህ አቶ ታምራት መድረክ ሲወጡ መምህር መክብብ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ስንኙን በሹክሹክታ ያቀብላሉ። ጭብጨባው ሲመጣ የሚመጣው ከመጋረጃው ፊት ለቆመው ነው።

ቅናቱ የተጠነሰሰው እዚያ መጋረጃ ጀርባ ነው። መምህር መክብብ አንድ ቀን ቤት ገብተው ለእናታቸው፣ «እኔ እየነገርኩት እኮ ነው የሚዘፍነው! አፉ የእሱ፣ ቃሉ የእኔ!» ብለው ሲማረሩ፣ ወይዘሮ ጣፈጠች «እንግዲያ አንተ ዝፈናት» አሏቸው። ሞከሩም። እህታቸው ስለነበረች ትመሰክራለች፤ ጎረቤት መጥቶ ምን ነካችሁ ብሎ ጠይቋል።

የመምህርነት ሥልጠናቸውን ጨርሰው በ1974 ዓ.ም. አረካ ከተማ የአማርኛ መምህር ሆነው ተመደቡ። ከዚያ ቦዲቲ፣ ከዚያም ሶዶ ተዛውረው በጡረታ እስከተገለሉበት እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ አስተምረዋል። በ1978 ዓ.ም. የቦዲቲ ልጅ ከሆኑት፣ በመሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሠራተኛ ከነበሩት ከወይዘሮ የማርያምወርቅ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው ትሕትናንና ባርኮትን ወልደዋል። ወይዘሮ የማርያምወርቅ የባለቤታቸውን ግጥም ሁሉ በጽሕፈት መኪና የጻፉ ሴት ናቸው፤ ስማቸው የትም አልሰፈረም፣ እርሳቸውም ጠይቀው አያውቁም። የቀኑት በሌላ ነገር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ታምራት ክራራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቶ ታምራት ይመጣሉ፤ በዓል ሲሆንማ ከዶሮው ቀድመው ይደርሳሉ። «እኔ ሁለት ባል ነው ያገባሁት» ይሉ ነበር ወይዘሮ የማርያምወርቅ፣ «አንደኛው ዘፋኝ ነው፣ ሁለተኛው ዘፋኙን ሲያይ የሚውል ነው።»

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአንድ የሥራ ባልደረባቸው እናት ሲያርፉ፣ መምህር መክብብ ሟቿን በደንብ ያውቋቸው ነበርና ጥቂት ስንኝ አዘጋጅተው ለአቶ ታምራት ሰጡ። አቶ ታምራት እንደ አባታቸው በሜዳው መሐል ቆመው በዜማ አወጡት። ሰው የሚሆነውን አጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሶዶ ውስጥ ሁለቱ ያላለቀሱለት ሙት እንደ ተናቀ ይቆጠር ጀመር። የእድር ሰዎች ድንኳን ከመትከላቸው በፊት ወደ መምህር መክብብ ቤት ሰው ይልካሉ። መምህር መክብብ ስለ ሟች ይጠይቃሉ፤ ምን ይወድ ነበር፣ በማን ይናደድ ነበር፣ ገበያ ሲሄድ በየት በኩል ያልፍ ነበር ይላሉ። አቶ ታምራት ያንጎራጉራሉ፤ ስንኙ ይመጣል። ታዲያ ሜዳው ላይ ሰው ደረቱን እየደቃ የሚለው «ወይኔ ታምራት! አንጀቴን በላው!» ነው። ለቅሶ ቤትም ሲገባ አቶ ታምራት ከሽማግሌዎች መሐል ይቀመጣሉ፤ መምህር መክብብ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቦታ ይፈለግላቸዋል። አንድ ጊዜ አንዲት ሐዘንተኛ የሁለቱንም እጅ ይዘው ካመሰገኑ በኋላ ወደ መምህር መክብብ ዘወር ብለው፣ «እርስዎም ስላደረሷቸው እግዜር ይስጥልኝ» አሏቸው። መኪና የነዱ መስሏቸው ነው። መምህር መክብብ መኪና ነድተው አያውቁም።

በ1988 ዓ.ም. ሁለቱ አንድ ካሴት አወጡ። ሽፋኑ ላይ አቶ ታምራት ክራር አቅፈው ፈገግ ብለዋል። የመምህር መክብብ ስም ከውስጥ፣ ካሴቱን ካላወጡት በማይታይ ቦታ ነበር። እርሳቸውም ያንን ካሴት ሰው ቤት ባዩ ቁጥር ያለ ፈቃድ ከፍተው ወረቀቱን ገልብጠው ይመልሱት ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ቀልድ ነው። ቀልድ መሆኑ የቀረው በ1994 ዓ.ም. ወይዘሮ ጣፈጠች ባረፉ ጊዜ ነው። መምህር መክብብ ለሰው ሁሉ ሲጽፉ ኖረው ለእናታቸው የጻፉት ከሁሉ የበለጠ ነበር። እናታቸው ከገበያ ሲመለሱ ደጃፍ ተቀምጠው የሚጠብቁ ልጅ ስለነበሩ እንዲህ አሉ፦

ገበያው ተፈታ፣ ሁሉም ቤቱ ገባ፤
እናቴን ብጠብቅ ዓይኔን ሞላው እንባ።

አቶ ታምራት ይህን በዜማ አወጡት። አልዋሸንም፤ ሜዳው ላይ የቆመ ሁሉ አልቅሷል። ነገር ግን ማልቀሱ ካበቃ በኋላ ሰዉ የሚያወራው ምን ነበር? ታምራት ጣፈጠችን እንደ እናቱ ይወዳት ነበር፣ ታምራት እንዴት ያለ ልጅ ነው፣ እሷም ታምራትን እንደ ልጇ ነበር የምታየው። እርግጥ ነው፤ ታየው ነበር። መምህር መክብብ ይህን ሲሰሙ ዋሉ። ሐዘንተኛው እየመጣ አቶ ታምራትን ያቅፋል። ሣልስት ከወጣ በኋላ እህታቸውን ጓሮ ጠርተው፣ «መስከረም፣ እናቴን እንኳ ወሰደብኝ» አሏት። ያን ዕለት መምህር መክብብ ገና አራስ ቤት በር ላይ እንደቆሙ ልጅ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የመምህር መክብብ ምኞት አንድ ብቻ ሆነ። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ፣ የሰው ድምፅ ሳይታከልበት፣ በራሳቸው ቃል ብቻ ሰው እንዲያለቅስ ፈለጉ።

በ2004 ዓ.ም. ወይዘሪት ብሩክታይት የምትባል የአረካ ልጅ፣ የሰርግ ቪዲዮ እየቀረጸች ትኖር የነበረች፣ ፊልም ልሥራ ብላ መጣች። መምህር መክብብ ድርሰቱን ጻፉ፤ አቶ ታምራት ሙዚቃውን ሠሩ። «ሁምቦ ላይ ወራጅ አለ» ይባላል፤ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። መምህር መክብብ በድርሰቱ ውስጥ ለራሳቸው የመምህርነት ሚና ሰጥተው ሦስት ገጽ ሙሉ የሚናገሩት ንግግር አስገቡ። ለአቶ ታምራት የሰጧቸው ሚኒባስ ውስጥ የተኛ መንገደኛ ነው፤ በድርሰቱ አንድም ቃል አልነበራቸውም። ቀረጻ ላይ አቶ ታምራት እውነትም ተኝተው ኖሮ ሲቀሰቅሷቸው ብንን ብለው፣ «ደረስን እንዴ?» አሉ። ብሩክታይት ሳቀችና ፊልሙ ውስጥ እንዳለ ተወችው። ፊልሙ በታየበት አዳራሽ ሁሉ ሰው ያጨበጨበው ለዚያች ቃል ነው። የሦስት ገጹ ንግግር ሲመጣ ተመልካቹ ስልኩን ያያል።

አንድ የገበያ ቀን ሁለቱ ወደ ሁምቦዋ ተበላ ከተማ ሲሄዱ ባጃጅ ነጂው፣ ሸንኮራ ሻጩ፣ ልጅ አዋቂው «ደረስን እንዴ!» እያለ አቶ ታምራትን ከበባቸው። ሦስት ወጣቶች ከአቶ ታምራት ጋር ፎቶ መነሣት ፈልገው ስልካቸውን ለመምህር መክብብ ሰጡና «አባ፣ አንዴ ያንሱን» አሏቸው። ድርሰቱን የጻፉት አባ አነሧቸው። ወጣቶቹ ስልካቸውን ተቀብለው ሲያዩት የሁሉም ሰው ፊት ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ አቶ ታምራት ግን ከአንገታቸው በላይ የሉም። መምህር መክብብ ዓይኔ ደክሟል አሉ። ዓይናቸው በሚገባ ያይ ነበር።

የትልቁ ሥራቸው ነገር እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ብሩክታይት ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጣች። በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮ፣ በአፍንጫ፣ በእጅና በምላስ የሚታይ ዝግጅት ይሁን አለች። ተመልካቹ አዳራሽ ሲገባ ዓይኑ በጨርቅ ይሸፈናል። የድሮው የሶዶ ገበያ በዙሪያው ይነሣል፤ ዝናብ የመታው የእንሰት ቅጠል በእጁ ይሰጠዋል፣ የአቶ ወልደመስቀል የስፌት መኪና ከጎኑ ይንጫጫል፣ ትኩስ ቅቤና እርጥብ አፈር ይሸተዋል፣ ዳጣ የተባለው የሚያቃጥል የበርበሬ ማባያ የነካው የቂጣ ቁራሽ ይቀምሳል። ከዚያ የእናት ግጥም ይነበባል፤ ቀጥሎ አቶ ታምራት ያንጎራጉራሉ፤ በመጨረሻ ጨርቁ ሲፈታ ብሩክታይት ንጋት ላይ የቀረጸችው ባዶ ገበያ ግድግዳው ላይ ይታያል። ግጥሙን የሚያነቡት መምህር መክብብ ራሳቸው እንዲሆኑ ተወሰነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጋረጃው ፊት ቆሙ።

ልምምድ ላይ ግን አንድ ነገር አዩ። ግጥሙን ሲያነቡ ልምምዱን የሚያዩት ሰዎች በጽሞና ያዳምጣሉ። አቶ ታምራት ገና «እህ» ሲሉ እንባ ይመጣል። መምህር መክብብ ይህን በመጀመሪያው ቀንም፣ በሁለተኛውም ቀን ተመለከቱ። የሽታውን ሥራ የያዙት እርሳቸው ነበሩ። ግጥሙ ሲነበብ የወይዘሮ ጣፈጠችን ቤት እንዲያስታውስ በከሰል ላይ ቁንጥር በርበሬ ይጣል ተብሎ ነበር። ቁንጥር ነው የተባለው። መምህር መክብብ በዝግጅቱ ዕለት እፍኝ ጣሉ። ሰው ታምራት አፉን ሳይከፍት፣ በእርሳቸው ስንኝ ላይ እንዲያለቅስ ነው። እናቱ በርበሬ ነጋዴ የነበረች ሰው እፍኝ በርበሬ ምን እንደሚሠራ አያውቅም አይባልም፤ ግን ቅናት ዕውቀትን ያስረሳል።

ከሰሉ እርጥብ ነበር። መምህር መክብብ ግጥሙን አነበቡ፤ ጥሩ አድርገው አነበቡ። በርበሬው አልጤሰም። ተመልካቹ እንደ ልምምዱ በጽሞና አዳመጠ። እርሳቸው አንብበው ጨርሰው ዘወር ሲሉና አቶ ታምራት ክራሩን መታ አድርገው ሲጀምሩ፣ ከሰሉ ያን ጊዜ ተያያዘ። የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከመካከላችሁ በዚያ አዳራሽ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ዓይኑ የታሰረ ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። አቶ ታምራት ራሳቸው ጭሱ ጉሮሯቸውን ይዟቸው ድምፃቸው እየተቆራረጠ ሲዘፍኑ፣ ሕዝቡ ሳግ ነው ብሎ ባሰበት። ጨርቁ ሲፈታ የአዳራሹ ሰው በሙሉ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ቆሞ አጨበጨበ። በማግስቱ ሬዲዮ «የድምፃዊ ታምራት እንጉርጉሮ አዳራሹን በእንባ አጠበው» ሲል አወራ።

መምህር መክብብ በዚህ ነገር ታመሙ ብንል ማጋነን አይሆንም። እንባው የእኔ ነው እንዳይሉ፣ በርበሬ ነው ያስለቀሳችሁ ማለት ይሆናል፤ ግጥሙ አላስለቀሰም ማለትም ይሆናል። ዝም እንዳይሉ ሆዳቸው አይችልም። ሆድ ይፍጀው ብለው ጥቂት ቀን ሰነበቱ። ከዚያ የሬዲዮ ጋዜጠኛው አቶ ታምራትን ስቱዲዮ ጠርቶ ስለ ባልንጀራቸው ሲጠይቃቸው፣ አቶ ታምራት ተንኮል በሌለው ልባቸው፣ «ታ ኢሻ መክብብ» አሉ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። «ታ ኢሻ መክብብ ቃሉን ያመጣል። ግጥሟ ጥሩ ነው፣ በጣም። እንባውን ግን እኔ ነኝ የማመጣው። ተካፍለን ነው የምንሠራው።» መምህር መክብብ ይህን የሰሙት ምሳ እየበሉ ነው። እጃቸውን ታጥበው ሬዲዮውን አጠፉና ከገበታው ተነሡ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ምን ሆንክ ሲሏቸው፣ «ተካፍለን አለ። ሰማሽው?» ብቻ ነበር ያሉት።

ከዚያ በኋላ አቶ ታምራት ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ከውስጥ የሉም ይባላሉ። መምህር መክብብ በመስኮት እያዩአቸው ነው የሉም የሚባለው። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሶዶ በዚያን ጊዜ የሞተባትን ሰው አቶ ታምራት ለብቻቸው በወላይትኛ ብቻ አለቀሱላት። ሕዝቡ እንደ ድሮው አለቀሰ። ይህም ለመምህር መክብብ ሌላ እሳት ሆነ፤ ያለ እርሳቸውም ይለቀሳል ማለት ነው። ያን ጊዜ የጻፏቸውን ግጥሞች ወይዘሮ የማርያምወርቅ እንዲያነቡላቸው ሰጥተዋቸው ነበር። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጥሩ ነው አሉ። ባለቤታቸው ጥሩ ነው ሲሉ እንዴት እንደሚሉ መምህር መክብብ ያውቃሉ። ግጥሞቹን ቀድደው ጣሉ።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ያዙ። ወደ ሐዋሳም ወደ አዲስ አበባም እየተመላለሱ ሕክምና ተደረገላቸው። አቶ ታምራት በሽማግሌ አልመጡም፣ ይቅርታም አልተባባሉም። አንድ ቀን በሩ ክፍት ነበርና ገብተው አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ማንጎራጎር ጀመሩ። መምህር መክብብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ዜማው ረዘም ሲል ግን፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ለዜማው አንድ ስንኝ ጣሉለት። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ዞሩ። ከ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ በሶዶ ለቅሶ ሜዳዎች የሰማችሁት የአማርኛ እንጉርጉሮ ሁሉ ከዚያ አልጋ የተነሣ ነው። በሽተኛው እየታመሙ ለሌላው ሙት ይጽፉ ነበር።

ቅናቱ ግን አልታመመም። ጠያቂ ይመጣል፤ ግርማ ሞገስ ያላቸው አቶ ታምራት ክራራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «እስቲ አንዴ ጋሽ ታምራት» ይባላል። በሽተኛውን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ለአቶ ታምራት አጨብጭቦ፣ ለመምህር መክብብ እግዜር ይማርህ ብሎ ይሄዳል። ባለፈው ነሐሴ ወር እንዲህ ያለ አንድ ከሰዓት ካለፈ በኋላ መምህር መክብብ ባለቤታቸውንና እህታቸውን አስቀመጧቸውና፣ በእኔ ለቅሶ ታምራት አፉን እንዳይከፍት አሉ።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ደነገጡ። ለሶዶ ሙት ሁሉ የተጻፈ ስንኝ የእርሳቸው ሆኖ፣ እርሳቸው ያለ እንጉርጉሮ ሊቀበሩ? ሰው ምን ይላል? እንግዲያ ለራስህ የሚሆን ግጥም ጻፍና ሌላ ሰው ያንብበው ብለው ለመኑ። መምህር መክብብ ሞክረው እንደነበር፣ ለራሳቸው ግን እንዳልመጣላቸው ተናገሩ። እህታቸው ተናደደች። «ጋሼ፣ ለሞትህ እንኳ ትቀናለህ?» አለቻቸው። ቃል በቃል የመለሱት ይህ ነው፦ «ለታምራት የሚያለቅስ ሞልቷል፤ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ። ለእኔ የሚያለቅስ ስንት ሰው እንዳለ አንድ ጊዜ ማየት እፈልጋለሁ።» እህታቸው፣ «ሞተህ በምን ዓይንህ ልታይ?» ስትላቸው፣ «አንቺ እዪልኝ» አሉ።

መምህር መክብብ ወልደመስቀል በተወለዱ በ66 ዓመታቸው፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ንስሐ ገብተውና ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ በቤታቸው አርፈዋል። የእድሩ ዳኛ ድንኳን አስተክለው እንደጨረሱ፣ ታምራት የታለ፣ ሜዳው ላይ ማን ሊቆም ነው ብለው ጠየቁ። ቃሉ ሲነገራቸው ራሳቸውን ያዙ። የሟች ቃል ቢሆንም ውርደቱ የቤተሰቡ ነው፣ ሕዝቡ ከሁምቦም ከአረካም ተነሥቶ እየመጣ ነው፣ ይህን ትቶ ቢለቀስላቸው ማን ይከሳችኋል አሉ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ቃሉን ሊያፈርሱ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ካህናቱ ብቻ ናቸው ደስ ያላቸው፤ ሙሾ መቅረቱ ለእነርሱ የሥርዓት ነገር ነው። መምህር መክብብ ግን ለጽድቅ ብለው እንዳልተናገሩት ቤተሰቡ ያውቃል።

በመጨረሻ ወይዘሮ የማርያምወርቅ አቶ ታምራትን ወደ ጓዳ ጠርተው ነገሯቸው። አቶ ታምራት አንገታቸውን ሰብረው፣ «እንዲህ አለ እሱ?» ብለው ጠየቁ። አዎ ተባሉ። «እኔ እኮ ግጥሟን ከየት ነው የማመጣው ብዬ ነበር ሌሊቱን ሙሉ የምጨነቅ። ቃል የለኝም እኔ፤ ቃሉ እሱ ጋ ነው ያለ» አሉ። ቀጥለውም፣ «የሰውን ለቅሶ ሁሉ አብረን ሠራን። ይኼ የታ ኢሻ ብቻ ይሁን። እኔ ከቤተሰብ ጋር እቀመጣለሁ፤ ይበቃኛል» ብለው ክራራቸውን ለባርኮት ሰጥተው ወደ ቤት እንዲያስገባው አዘዙት።

ስለዚህ ክቡራን ለቀስተኞች፣ በዚህ ሜዳ ዛሬ እንጉርጉሮ የለም። አቶ ታምራት አንጁሎ ከሐዘንተኞች ረድፍ ተቀምጠዋል፤ እባካችሁ ዝፈኑ ብላችሁ አትለምኗቸው። መምህር መክብብ ባለቤታቸውን ወይዘሮ የማርያምወርቅን፣ ልጆቻቸውን ትሕትናንና ባርኮትን፣ የልጅ ልጃቸውን ሚስጥርን፣ እህታቸውን መስከረምንና ወንድማቸውን ታምራትን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ወቅት ላስታመማችሁ፣ ለጠየቃችሁ፣ ዛሬም ከቅርብና ከሩቅ መጥታችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ ቤተሰቡ እጅ ይነሣል።

ነፍሳቸውን ማንም በማንም በማይቀናበት፣ ከመጋረጃም ጀርባ ሰው በማይቆምበት ሥፍራ እግዚአብሔር ያኑርልን። ይህ ታሪክ በሚነበብበት በዚህች ሰዓት እህታቸው መስከረም ከፊታችሁ ቆማ እያንዳንዳችሁን እያየች ነው። አደራ አለባት።